የጠቆረ ጠገራ ብር ይታጠብ ወይስ ይተው?

ጥቁር የለበሰ የድሮ ብር እጃችሁ ከገባ የመጀመሪያው ሥራ እጅን መሰብሰብ ነው። ሎሚው፣ አመዱ፣ የጥርስ ሳሙናው ሁሉ ይቆይ። ብሩ መቶ ዓመት ጠቁሮ ከኖረ አንድ ሳምንት ቢጨመርለት የሚጎድልበት ነገር የለም። በአምስት ደቂቃ ፍትጊያ የሚጠፋው የላይ ገጽ ግን በምንም ገንዘብ ተመልሶ አይገኝም።

እዚህ የምናወራው በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ስለሚገኙት ነው፤ ስለ ማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር፣ ስለ ዳግማዊ ምኒልክ ብርና ዝርዝሮቹ (አላድ፣ ሩብ፣ ግርሽ)፣ እንዲሁም ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች። ከአያት ወርሶ ሊሸጥ ያሰበም፣ ለልጆቹ ሊያቆይ የፈለገም፣ ውጭ አገር ሆኖ ለሰብሳቢ ሊያቀርብ ያቀደም ጥያቄው አንድ ነው፤ «አጽድቼ ላቅርበው?» አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አይሆንም ነው። የሚሆንባቸው ጥቂት ሁኔታዎች አሉ። እነሱን ለመለየት ደግሞ አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል፤ ብሩ ላይ የምታዩት ነገር ከውጭ መጥቶ የተለጠፈ ነው ወይስ የብሩ የራሱ ገጽ ተለውጦ የሆነው? የተለጠፈው ሊነሣ ይችላል። ተለውጦ የሆነውን ለማንሣት ግን ከብሩ ላይ ብር መላጥ ግድ ነው።

1. በትክክል ያዙት፣ ፎቶ አንሡት

እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ብሩን በጠርዙ ብቻ በሁለት ጣት ያዙ። ፊቱንና ጀርባውን በጣት መዳሰስ የለም፤ የእጅ ቅባትና ላብ ጨው አለው፣ አሻራው ከወራት በኋላ ጠቁሮ ብቅ ይላል። ከጠረጴዛው ላይ የታጠፈ ፎጣ ወይም ነጠላ አንጥፉ፣ ቢያመልጣችሁ ጠርዙ እንዳይጎዳ።

ከዚያ በስልካችሁ ፊቱን፣ ጀርባውንና ጠርዙን አንሡ። አንዱን ፎቶ በመስኮት ብርሃን፣ ሌላውን መብራቱ ከጎን ዝቅ ብሎ ሲመጣ። እነዚህ ፎቶዎች ሁለት ጥቅም አላቸው። ለገዢ ወይም ለባለሙያ ልካችሁ ሳትነኩት ማማከር ትችላላችሁ፤ ኋላም አንድ ነገር ብታደርጉ ከምን ተነሥታችሁ እንደነበር ማስረጃ ይሆናችኋል።

2. ምን እንደያዛችሁ ዕወቁ

ማጽዳት አለማጽዳቱን ከመወሰን በፊት ሚዛን ያስፈልጋል። ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት እስከ ግራም መቶኛ የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ይበቃል።

የማርያ ቴሬዛ ብር ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ፣ የብር ይዘቱ ከሺህ 833 ነው፤ ቀሪው መዳብ ነው። ንጹሕ ብሩ ብቻውን ወደ 23.4 ግራም ይመጣል። ላዩ ላይ የተጻፈው ዓመት ሁልጊዜ 1780 ነው፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ስለሆነ ከዚያ ወዲህ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በቦምቤይም ሲቀረጽ ያው ዓመት ሳይለወጥ ቀጥሏል። ሮም የገባበት ታሪክ እኛን ይመለከታል፤ ጣሊያን ለወረራው ስትዘጋጅ በ1935 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ማኅተሙን ከኦስትሪያ ወስዳ በራሷ ቤት መምታት ጀመረች። ስለዚህ ሁለት ጥቁር ጠገራ ብሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ተራ፣ አንዱ ሰብሳቢ የሚፈልገው ሊሆን ይችላል። የሚለያዩት በደረቷ ጌጥ ላይ ባሉት ዕንቁዎች፣ በንስሩ የጭራ ላባዎችና በመሳሰሉት ጥቃቅን ነገሮች ነው። እነዚህ ደግሞ በአመድ ሲፈተግ መጀመሪያ የሚጠፉት ናቸው።

የምኒልክ ብር የተቀረጸው በፓሪስ ነው። የመጀመሪያዎቹ ላይ ያለው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ፲፰፻፹፯ ነው፤ ክብደቱ 28.075 ግራም፣ የብር ይዘቱ ከሺህ 835። አላዱ የዚህ ግማሽ፣ ሩቡ የግማሹ ግማሽ፣ ግርሹ 1.4 ግራም ገደማ ናቸው። አንበሳው ያነሣው የፊት እግር ግራው ነው ወይስ ቀኙ የሚለውንም ተመልከቱ፤ ሰብሳቢዎች ዓይነቱን የሚለዩበት ነው። ምኒልክ ያወጡት ብር ገበያው ጠገራውን ለምዶ ስለነበር በቀላሉ አልተቀበለውም ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጦ ጥሩ ገጽ ያለው የምኒልክ ብር ከተራ ጠገራ ይልቅ ይፈለጋል።

በ፲፱፻፴፮ ዓመት የተጻፈባቸው የኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች ሁለት ዓይነት ብረት ናቸው። ሃምሳ ሳንቲሙ ብር ነው፤ አንድ፣ አምስት፣ አሥርና ሃያ አምስት ሳንቲሞቹ ነሐስ ናቸው። 1923 ዓ.ም. የተጻፈበት፣ መቶኛ ተብሎ የሚታወቀው ደግሞ ትንንሾቹ መዳብ፣ ትልልቆቹ ኒኬል ናቸው። ብረቱን ማወቅ ያስፈለገው ለብር የሚሆነው ለነሐስ ስለማይሆን ነው።

ክብደቱ ከሚገባው ብዙ ካነሰ ወይም ማግኔት ከሳበው (ከኒኬሎቹ በቀር) የመታጠብ ጥያቄው እዚያው ያበቃል፤ ከፊታችሁ ያለው ጥያቄ «እውነተኛ ነው ወይስ ሐሰተኛ?» የሚል ሆኗል።

3. ቀለሙን አንብቡ

ብር የሚጠቁረው በአየር ውስጥ ካለ ድኝ አዘል ጋዝ ጋር ሲገናኝ ነው። የሚፈጠረው የብር ሰልፋይድ የሚባል ስስ ሽፋን ነው። ጭስ፣ ሱፍ፣ ላስቲክ፣ ርካሽ ካርቶን፣ የቆዳ ኮረጆ፣ እንቁላልና ሽንኩርት ያለበት ጓዳ፣ እነዚህ ሁሉ የድኝ ምንጮች ናቸው። የምድጃ ጭስ በሚገባበት ቤት ሣጥን ውስጥ የኖረ ጠገራ ብር ጥቁር ቢሆን አያስደንቅም።

ሽፋኑ ሲጀምር ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ እጅግ ያነሰ ነው። በዚያ ስስነት ብርሃን ከላዩም ከታቹም ስለሚመለስ ቀለም ይፈጥራል። መጀመሪያ ቢጫ ወርቃማ ይሆናል፤ ሲወፍር ወደ ቀይ ሐምራዊ፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ እየወፈረ ሲሄድ ሌሎች ቀለሞችን አሳይቶ ጥቁር ይሆናል። ሰብሳቢ ሰማያዊና ወርቃማ የተቀላቀለበትን ብር ሲያይ ዋጋ የሚጨምረው ለዚህ ነው፤ ያን ቀለም ጊዜ እንጂ ሰው በቀላሉ አይሠራውም። በአንጻሩ ጥቁሩ ወፍሮ ዝርዝሩን ከሸፈነው ገጹ ከሥሩ መበላት ጀምሮ ሊሆን ይችላል። አጥቦ ቢያነሡት የሚወጣው አመዳም፣ የተበሳሳ ፊት ነው። «ጥቁሩ ሥር አዲስ ብር አለ» የሚለው ተስፋ ብዙ ብሮችን አበላሽቷል።

አንድ መብራት ብቻ አብርታችሁ ብሩን ቀስ ብላችሁ አዘንብሉ፣ አዙሩትም። ከእጅ ወደ እጅ ብዙ ያልተዘዋወረ ብር ላይ ብርሃኑ እንደ መንኮራኩር ጨረር እየዞረ ይሄዳል። ይህ የሆነው ማኅተሙ ሲመታ ብሩ ከመሐል ወደ ዳር ሲፈስ በዓይን የማይታዩ ስስ መስመሮች ስለሚቀሩ ነው። ቀለሙ በላዩ ላይ ቢኖርም ያ የሚዞር ጸዳል ከታየ በጣም ጥሩ ነገር ይዛችኋል፤ ማንኛውም አሲድ መጀመሪያ የሚበላው እነዚያን መስመሮች ነው።

የተዘዋወረ ብር መልኩ ሌላ ነው። ከፍ ያሉት ቦታዎች፣ የንግሥቲቱ ጉንጭና ትከሻ፣ የምኒልክ ዘውድ ጫፍ፣ ግራጫ ይሆናሉ፤ ጎድጎድ ያለው ሁሉ ጠቆር ይላል። ይህ ጥቁረት ፊደሉን አጉልቶ የሚያሳይ ወዝ ነው። የተፈተገ ብር ግን ከፍታው ባልተገባ ሁኔታ ይነጣል፣ ከጎን በመጣ ብርሃንም ወደ አንድ አቅጣጫ የተሰመሩ ቀጫጭን ጭረቶች ይታያሉ።

ሰው ሠራሽ ቀለምም አለ። ቀለሙ ቅደም ተከተሉን ካልጠበቀ፣ ድንገት ወይን ጠጅ ሆኖ ጭረቱ ውስጥ ሳይቀር ከገባ፣ ዳርና መሐሉ አንድ ዓይነት ከሆነ ጠርጥሩ። ብሩ ቀድሞ ታጥቦ ያን ለመሸፈን ተቀብቶ ሊሆን ይችላል።

4. አደገኛውን ከማይጎዳው ለዩ

ጥቁር፣ ቡናማ፣ ወርቃማና ሰማያዊ ካያችሁ ጊዜ አላችሁ። አረንጓዴ ካያችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ አረንጓዴ ሁሉ ግን አንድ አይደለም።

የሚያጣብቅ፣ እንደ ቅባት የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ፣ በተለይ ለስላሳ የፕላስቲክ አልበም ውስጥ የነበረ ብር ላይ፣ ከፕላስቲኩ የመጣ ነው። ፒቪሲ የሚባለው ለስላሳ ፕላስቲክ ሲያረጅ ያለሰለሰውን ኬሚካል ይተፋል፣ አሲድም ይፈጥራል። ይህ ከውጭ የተለጠፈ ነገር ነው፤ ቢቆይ ብሩን ይበሳዋል። ሳይዘገይ መነሣት ያለበት ይህ ነው። ሃምሳ ሳንቲሞችን በአልበም ያስቀመጠ ሰው ዛሬውኑ ገልጦ ይመልከት።

ደረቅ፣ ጠጣርና ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ከነሐስ ሳንቲም ወይም ከብሩ ውስጥ ካለው መዳብ የወጣ፣ ብዙ ጊዜ ረግቶ የኖረ ነው። ይተው።

ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት፣ ሲነኩት የሚረግፍ፣ ካራገፉትም በኋላ ተመልሶ የሚወጣ፣ የነሐስ በሽታ ይባላል። ውስጡ የገባ ክሎራይድ ከእርጥበት ጋር እየተገናኘ ብረቱን ይበላል። የቤት መድኃኒት የለውም። ለብቻው አግልላችሁ እጅግ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት፤ ከአዲስ ጫማ ሣጥን ውስጥ የምታገኙትን የሲሊካ ጄል ከረጢት አብራችሁ ዝጉበት፤ ከዚያ ባለሙያ ፈልጉ።

5. ምን ታጣላችሁ?

አሁን ብሩ ላይ ያለውን አውቃችኋል። ቀጥሎ የዋጋው ጉዳይ ነው። የአሜሪካኖቹ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የሚባሉት ደረጃ አውጪዎች ሳንቲምን ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ይመዝናሉ፣ በጠንካራ ፕላስቲክም ያሽጋሉ። በግልጽ የታጠበ ሳንቲም ግን ቁጥር አይሰጠውም፤ «ዲቴይልስ» ተብሎ መታጠቡ ይጻፍበታል። ከዚያ በኋላ ያንኑ ብር የሚገዛ ሰው በጣም አሳንሶ ነው የሚጠይቀው። ሰው ሠራሽ ቀለምም የተጠረጠረበት እንዲሁ ቁጥር ይነፈገዋል።

ስለዚህ ብሩ የምኒልክ ከሆነ፣ ጸዳሉ የሚታይ ከሆነ፣ ወይም ዓይነቱን ገና ያላወቃችሁት ጠገራ ከሆነ አትንኩት። ሌላ ክርክር አያስፈልገውም።

በአንጻሩ ጆሮ የተበየደለት፣ ተበስቶ አንገት ላይ የዋለ፣ ፊቱ ለስልሶ የቀረ ጠገራ ብር ለሰብሳቢ ያለው ዋጋ ከብሩ ክብደት ብዙም አይርቅም። ብር ሠሪዎች ስንቱን እያቀለጡ መስቀልና አምባር አድርገውታል። እንዲህ ያለውን ጌጥ አድርጋችሁ ልትለብሱት ከሆነ በለስላሳ ጨርቅ ቢወለወል ማንም አይከሳችሁም። ቢሆንም አያት የለበሱት ከሆነ ጥቁሩ ተትቶ ቢቀር የተሻለ መስሎ ይታየኛል፤ የጠገራ ድሪ ነጥቶ ሲያብረቀርቅ ትናንት የተሠራ ይመስላል።

በ1964 ዓ.ም. ነገሥታትን ለማስታወስ የወጡት የብር መታሰቢያዎች ለብቻቸው ይታዩ። ፊታቸው እንደ መስተዋት የለሰለሰ ስለሆነ በጥጥ አንድ ጊዜ መጥረግ እንኳ የማይጠፋ መስመር ያሰምርባቸዋል። ጭጋግ ቢለብሱም ጨርቅ አታስነኳቸው።

የአክሱም ሳንቲም ግን በዚህ መመሪያ አይዳኝም። የአክሱም ነገሥታት ከእንዱቢስ ጀምሮ ወርቅ፣ ብርና ነሐስ አሳትመዋል፤ በብሩና በነሐሱ ላይ በንጉሡ ራስ ወይም በመስቀሉ ዙሪያ ስስ ወርቅ የሚለብጡበት ጊዜ ነበር። ያን ወርቅ አንድ ፍትጊያ ያነሣዋል። ከአፈር ያገኛችሁት ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከማጠብ ያለፈ ነው፤ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለቅርስ ባለሥልጣኑ ማሳወቅ ግዴታ ነው፣ ያለፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። አፈሩን እንኳ ሳታራግፉ እንዳለ ስጡ፤ ለተመራማሪ አፈሩም መረጃ አለው።

6. የሚፈቀደው እጥበት፤ አሴቶን

ብሩ ላይ ያለው የፒቪሲ ቅባት፣ የሙጫ ቅሪት፣ የቴፕ ልጣጭ፣ የቅርብ ጊዜ የእጅ ቅባት ወይም ሰም ከሆነ አሴቶን የሚባለው ፈሳሽ ያነሣዋል። ጥቅሙ የብሩን ጥቁር አለመንካቱ ነው፤ ሰልፋይዱ እንዳለ ይቀራል፣ የተለጠፈው ብቻ ይሄዳል። ከአሴቶን በኋላ ብሩ አሁንም ጥቁር ከሆነ እጥበቱ ተሳክቷል ማለት ነው፤ አልጸዳም ብላችሁ ወደ ሌላ ነገር አትሂዱ።

በየሱቁ «አሴቶን» ተብሎ የሚሸጠው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሆንም። ሽቶ፣ ቀለምና ቅባት ይጨመርበታል፤ ያ ሁሉ ብሩ ላይ ይደርቃል። የምትፈልጉት ኬሚካል ሻጮች ዘንድ የሚገኘውን ንጹሑን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

መስኮት ክፈቱ። ከሰል፣ ዕጣን፣ ሻማ፣ ሲጋራ፣ ምድጃ ምንም እሳት በክፍሉ ውስጥ አይኑር፤ የአሴቶን ተን በቀላሉ ይቀጣጠላል። ቡና የሚፈላበት ቤት ውስጥ አይሠራም።

ሁለት ንጹሕ የብርጭቆ ዕቃዎች አዘጋጁ። ብዙ ዓይነት ፕላስቲክ በአሴቶን ይሟሟል፣ የሟሟውም ብሩን ይለብሰዋል። በመጀመሪያው ዕቃ ብሩ እስኪሸፈን አሴቶን አፍስሱ፣ ብሩን በጠርዙ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አስገቡ፣ ክደኑት። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ተዉት፤ በመሐል ዕቃውን ቀስ አድርጋችሁ አወዛውዙት። ነሐስ ከሆነ አጠር አድርጉ።

አውጥታችሁ ሁለተኛው ዕቃ ውስጥ ባለ አዲስ አሴቶን አለቅልቁት። ይህን ደረጃ አትዝለሉ፤ የመጀመሪያው ያሟሟው ቅባት ሲደርቅ መልሶ ብሩ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በጠርዙ ወይም በፎጣ ላይ አቁማችሁ አየር ያድርቀው፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በጥጥ፣ በሶፍትም፣ በጨርቅም አትጥረጉ። የፒቪሲው አረንጓዴ ብዙ ከሆነ በአዲስ አሴቶን ድገሙት። ሥሩ የተበሳሳ ሆኖ ከወጣ ያ ቀድሞ የደረሰ ጉዳት ነው፤ የሚሞላው ነገር የለም።

ጭቃና አፈር ብቻ ከሆነ (አክሱማዊ ያልሆነ ላይ) የተጣራ (ዲስትልድ) ውኃ ይበቃል፤ የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው ነጠብጣብ ይተዋል። ዲስትልድ ውኃ ነዳጅ ማደያና የመኪና ዕቃ ሱቅ ይሸጣል፤ ነገር ግን የባትሪ ውኃ ስጡኝ ስትሉ አሲዱን ሊሰጧችሁ ስለሚችሉ ጽሑፉን አንብባችሁ ውሰዱ። ብሩን ዘፍዝፋችሁ ውኃውን በየቀኑ ቀይሩ። አፈሩ በራሱ ይለቃል፣ ካልለቀቀ ይቀመጥ። በመጨረሻ አሴቶን ውስጥ አንድ ጊዜ ብታስገቡት የቀረውን ውኃ ይዞለት ይሄዳል።

7. ስለ ማጥለቂያው ፈሳሽና ስለ አልሙኒየሙ

ለብር ጌጥ የሚሸጠው ማጥለቂያ አብዛኛውን ጊዜ ታዮዩሪያ የሚባል ነገር በአሲድ ተቀላቅሎ ነው። በሰከንዶች ውስጥ ጥቁሩን ያነሣል፤ ከጥቁሩ ጋር ያን ስስ የብር ገጽም ይወስዳል። አንዴ በፍጥነት ገብቶ የወጣ ብር ጸዳሉ ሊተርፍ ይችላል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ የተነከረ ግን ነጭ ሆኖ ይሞታል፤ ብርሃኑ አይዞርም። በንግድ የሚኖሩ ሰዎች ይህን በልክ ያደርጉታል፣ ብዙ ያልተዘዋወሩ ብሮች ላይ ብቻ። ያንን ልክ ያልለመደ ሰው ከምኒልክ ብር ላይ መማር የለበትም። የተዘዋወረ ብር ከገባበት ደግሞ ወዙ ሁሉ ጠፍቶ ዝም ያለ ነጭ ይሆናል፣ የታጠበ መሆኑን ከሩቅ ይናገራል።

አልሙኒየም ፎይል አንጥፎ፣ ቤኪንግ ሶዳና ፍል ውኃ አድርጎ መንከሩ በየቦታው ይመከራል። ኬሚስትሪው እውነት ነው፤ ድኙ ከብሩ ወደ አልሙኒየሙ ይሄዳል። ማንኪያና ጉትቻ ላይ ያምራል። ሳንቲም ላይ ግን የተመለሰው ብር እንደ ቀድሞው አይቀመጥም፤ ገጹ ይፈዛል፣ ያልተስተካከለ ነጭ ይሆናል። ለሳንቲም አልመክረውም።

ብር ሠሪ ዘንድ ወስዶ ማስነጣትም ያው ነው። እሳት አስነክቶ አሲድ ውስጥ ሲያስገባው ከላይኛው ገጽ መዳቡ ይሟሟና ንጹሕ ብር ብቻ ይቀራል፤ ነጭ ይሆናል፣ ለዓይን ያምራል፣ ለሰብሳቢ ግን አልቋል።

አመድ፣ አሸዋ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የድስት መፈግፈጊያ፣ ሎሚና ጨው፣ ኮምጣጤ፣ የብረት ማብረቅረቂያ ቅባት፤ ለእነዚህ ማብራሪያ አላበዛም። የመጀመሪያዎቹ ይፍቃሉ፣ ሎሚና ኮምጣጤው በአሲዳቸው ይበላሉ፣ ከነሐስ ሳንቲም ላይ ደግሞ የማያምር ሮዝ ቀለም ያወጣሉ።

8. ቀድሞ ታጥቦ ከሆነ

ብዙ የቤት ብር ቀድሞ ታጥቧል፤ እናቶቻችን ለበዓል የብር ዕቃ ሲወለውሉ ሳንቲሙም አብሮ ይወለወል ነበር። ይህን ለማስተካከል ቀለም ለመቀባት ወይም በድኝ ለማጥቆር አትሞክሩ፤ ለሰብሳቢ ያ ከመታጠቡ የባሰ ነው። ባልታሸገ ወረቀት ፖስታ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ በዓመታት ውስጥ በራሱ ይወዛል። ጭረቱ አይጠፋም፣ መልኩ ግን ይረጋል። ስትሸጡ ደግሞ መታጠቡን ተናገሩ፤ የሚያውቅ ገዢ በማጉሊያ አይቶ ይደርስበታል፣ ከዚያ በኋላ የሌሎቹንም ብሮች ዋጋ በጥርጣሬ ነው የሚያይላችሁ።

9. አቀማመጥ

አይታጠብም ብላችሁ ከተዋችሁት በኋላ ሥራው ጥቁረቱ እንዳይቀጥል ማድረግ ነው። ከጓዳና ከምድጃ አርቁት። ላስቲክ አታስሩበት፤ ላስቲክ የታሰረበት ብር ላይ ጥቁር መስመር የሚቀረው ከላስቲኩ ድኝ ነው። ሱፍ ጨርቅ፣ ቆዳ ኮረጆ፣ ለስላሳና ሽታ ያለው ፕላስቲክ አይሆኑም። የሳንቲም ካርቶንና ማይላር የሚባለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ያለበት መያዣ ጥሩ ነው፤ ጠንካራ የአክሪሊክ ሣጥንም እንዲሁ። ካርቶኑን ስትዘጉ የስቴፕለሩ ሽቦ ጫፍ ተጠምዝዞ ሌላ ብር እንዳይጭር በፒንሳ ደፍጥጡት።

በመያዣው ላይ በእርሳስ ክብደቱን፣ ዓይነቱን፣ ከማን እንደመጣና ምን እንደተደረገለት ጻፉ፤ «አሴቶን ብቻ» ወይም «አልተነካም» ብትሉ ይበቃል። የሲሊካ ጄሉን በየወቅቱ ቀይሩ፣ በክረምት ደግሞ ቶሎ ቶሎ። በዓመት አንዴ አውጥታችሁ ከመጀመሪያው ፎቶ ጋር አስተያዩት፤ አረንጓዴ ካልጨመረ መልሳችሁ ዝጉት።